አጥንት መሰል ማዕድን ለለበሱ ኢምፕላንቶች የትኛው ፀረ-ባክቴሪያ ሽፋን ይመረጥ? የንጽጽር መመሪያ

ለዳሌ ወይም ለጥርስ ሥር ተብሎ ከታይታኒየም የሚሠራ ኢምፕላንት (በሰውነት ውስጥ የሚተከል ምትክ አካል) ከአጥንት ጋር ፈጥኖ እንዲዋሐድ ገጹን ሃይድሮክሲአፓታይት በሚባለው ማዕድን ማልበስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሕክምና ላይ የዋለ ዘዴ ነው። በማዕድኑ ውስጥ የካልሲየም አተሞች ከፎስፈረስ አተሞች ጋር ያላቸው ምጣኔ 1.67 ሲሆን፣ ከአጥንታችን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉም ከዚሁ ማዕድን ብዙ የማይርቅ በመሆኑ አጥንት ገንቢ ሕዋሳት ልባጡን እንደ ባዕድ ሳይቆጥሩ ይሰፍሩበታል። ችግሩ ለእነርሱ የተመቸው ሸካራ ገጽ፣ ፕሮቲንንም አጥብቆ የሚይዝ ስለሆነ፣ ለባክቴሪያም የተመቸ መሆኑ ነው።

ባዕድ ነገር በሰውነት ውስጥ ሲኖር ኢንፌክሽን ምን ያህል እንደሚቀልለት ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በበጎ ፈቃደኞች ቆዳ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ መግል ለማስቋጠር ብዙ ሚሊዮን የስታፊሎኮከስ ባክቴሪያዎች ያስፈልጉ የነበረ ሲሆን፣ የሐር መስፊያ ክር ባለበት ቦታ ግን ጥቂት መቶዎች በቂ ሆነው ተገኝተዋል። ባክቴሪያዎቹ በገጹ ላይ ተጣብቀው ባዮፊልም የሚባለውን ዝልግልግ መጠለያ ከሠሩ በኋላ፣ ተንሳፋፊ ሳሉ ይገድላቸው የነበረው የመድኃኒት መጠን እስከ ሺህ እጥፍ ቢያድግ እንኳ ላያጠፋቸው ይችላል። አንቶኒ ግሪስቲና እ.ኤ.አ. በ1987 ሁኔታውን በሰውነት ሕዋሳትና በባክቴሪያ መካከል ገጹን ቀድሞ ለመያዝ የሚደረግ ሽቅድምድም ብለው ገልጸውታል፤ ይህ አገላለጽ እስከ ዛሬ የዘርፉ መነሻ ሐሳብ ነው።

በማዕድኑ ልባጥ ላይ ባክቴሪያን የሚከላከል ስስ የሞለኪውል ሽፋን የመጨመር ፍላጎት የመጣው ከዚህ ነው። የትኛው ሽፋን ይመረጥ በሚለው ላይ ግን የጥናቶቹ ብዛት አንባቢን ከመርዳት ይልቅ ግራ ያጋባል፤ ብዙዎቹ ሽፋኖች በየራሳቸው ሙከራ ውስጥ 99.9 በመቶ ገዳይ ሆነው ይቀርባሉና። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለምርምሩ ወይም ለምርት ንድፉ አንድ አቅጣጫ መያዝ ላለበት ሰው፣ እንዲሁም የቀረበለትን ሽፋን መመዘን ለሚፈልግ ሐኪም ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፦ ምርጫው መጀመር ያለበት ሞለኪውሉ ማዕድኑን ከሚይዝበት መንገድና ሥራ ላይ እንዲቆይ ከሚፈለግበት የጊዜ ርዝመት ነው፤ የመግደል ኃይሉ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ሞለኪውሉ ማዕድኑን በምን ይይዛል?

የሃይድሮክሲአፓታይት ገጽ ለሞለኪውል መያዣ የሚሆኑ ሁለት ዋና ስፍራዎች አሉት። አንደኛው አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የካልሲየም አዮን ሲሆን፣ ሁለተኛው አሉታዊ ሙል ያለው የፎስፌት ቡድን ነው። የሃይድሮክሲል ቡድኖችም አሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ናቸው፤ ይህም እውነታ ሲዘነጋ ብዙ ድካም ያስከትላል። በመስታወትና በታይታኒየም ኦክሳይድ ላይ መልካም ውጤት የሚሰጡት፣ ሲሌን የተባሉት ሲሊኮን ያላቸው አያያዥ ሞለኪውሎች የሚታሰሩት በሃይድሮክሲል ቡድኖች አማካይነት ስለሆነ በዚህ ማዕድን ላይ የሚያገኙት መያዣ አነስተኛ ነው፤ ከፎስፌት ጋር የሚፈጥሩት ትስስርም በውሃ ውስጥ በቀላሉ ይፈታል። በባዶ ታይታኒየም ላይ የተገኘን የሲሌን ውጤት ማዕድን በለበሰ ታይታኒየም ላይም ይደገማል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አዎንታዊ ሙል ያላቸው ሞለኪውሎች፣ ለምሳሌ ጀርም ገዳዩ ክሎርሄክሲዲንና አንቲባዮቲኩ ጄንታማይሲን፣ በፎስፌቱ ይሳባሉ። ዝግጅታቸው ቀላል ነው፤ የለበሰውን ኢምፕላንት በመድኃኒቱ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ይበቃል። ይሁንና የሰውነት ፈሳሽ ጨው የበዛበት ስለሆነ፣ በሙል መሳሳብ ብቻ የተያዘ ሞለኪውል በሌሎች አዮኖች እየተገፋ ይለቃል፤ አብዛኛው መድኃኒትም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ይህ ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም፤ ኋላ እንደምናየው፣ ለአንዳንድ ታካሚ የሚፈለገው በትክክል እንዲህ ያለው አጭር ዕድሜ ነው። ቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ በተቃራኒው ካልሲየሙን ቆንጥጦ ይይዛል። በሕፃናት ጥርስ ላይ ቋሚ ቀለም የሚተወው፣ የአጥንት ዕድገትን ለመለካትም በምልክትነት የሚያገለግለው በዚሁ ጠባዩ ነው።

ከእስካሁኖቹ ሁሉ የጸናው መያዣ ፎስፎኔት፣ ማለትም ፎስፌትን የሚመስል ፎስፈረስ ያለው የአተሞች ቡድን፣ ነው። ሁለት የፎስፎኔት ቡድኖች በአንድ የካርቦን አተም የተያያዙባቸው ቢስፎስፎኔቶች ለአጥንት መሳሳት ሕክምና የተመረጡት ከአጥንት ማዕድን ጋር አጥብቀው ስለሚጣመሩና እዚያው ለዓመታት ስለሚቆዩ ነው። ገዳዩን ሞለኪውል ከእንዲህ ያለ ጫፍ ጋር ማያያዝ፣ ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከቢስፎስፎኔት ጋር ማጣመር፣ ለዚህ ማዕድን ተብሎ የታሰበ ያህል የሚስማማ ንድፍ ነው። ጥንቃቄው ዞሌድሮኔትንና አሌንድሮኔትን የመሳሰሉት መያዣዎች ራሳቸው ኃይለኛ መድኃኒቶች መሆናቸው ነው። አጥንትን የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ይገታሉ፤ በልክ ሲሆን ኢምፕላንቱ እንዲጸና ይረዳሉ፣ ሲበዛ ግን አጥንት ራሱን የሚያድስበትን ሂደት ያውካሉ። ስለዚህ የሚፈለገው መያዣነቱ ብቻ ከሆነ፣ በውስጡ ናይትሮጅን የሌለበትና መድኃኒታዊ ኃይሉ ደከም ያለ ቢስፎስፎኔት፣ ወይም አንድ የፎስፎኔት ቡድን ብቻ ያለው ሞለኪውል ይመረጣል፤ የኋለኛው ግን አያያዙ ከፊተኛው ይልቅ የላላ መሆኑ መታወቅ አለበት።

የሰው አካል ራሱም ከዚህ ማዕድን ጋር የሚጣመሩ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጥ ትኩረት የሚገባቸውም እነዚህ ናቸው። በምራቅ ውስጥ የሚገኘው ስታቴሪን 43 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ሲሆን፣ የጥርስን ገጽ የሚይዘው በመነሻ ጫፉ ላይ ባሉት ፎስፌት የተሸከሙ ሁለት ሴሪኖችና አጠገባቸው ባሉ አሲዳማ አሚኖ አሲዶች ነው። በአጥንት ውስጥ ያሉት ኦስቲዮፖንቲንና ቦን ሳያሎፕሮቲን ደግሞ ተከታትለው በተደረደሩ አስፓርቴቶችና ግሉታሜቶች ካልሲየሙን ይይዛሉ። ከእነዚህ የተቀዳ አጭር ሰንሰለት በአንድ ባክቴሪያ ገዳይ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ጫፍ ላይ ሲቀጠል ሞለኪውሉ አቅጣጫውን ጠብቆ፣ ገዳዩን ክፍል ወደ ውጭ አድርጎ ይቆማል። በሙል መሳሳብ ብቻ የተቀመጠ ፔፕታይድ ግን በገዳይ ክፍሉ ራሱ ማዕድኑ ላይ ሊለጠፍና ሥራ ሊፈታ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ፖሊዶፓሚን የተባለ ሙጫ መሰል ሽፋን ከባሕር ዛጎል ለበስ እንስሳት የሙጫ ፕሮቲን በመነሣት የተሠራ ሲሆን፣ ከማንኛውም ገጽ ጋር ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይጣበቃል። የኢምፕላንቱ ከፊሉ ብረት፣ ከፊሉ ማዕድን ሲሆን ይጠቅማል፤ የንብርቡን ውፍረት ከምርት ምርት አንድ ዓይነት ማድረግ ግን ያስቸግራል።

አንድ ሽፋን ምን ያህል ይሸከማል?

ብዙ ሰው ሳያሰላ የሚያልፈው ጥያቄ ይህ ነው። በ1 ካሬ ናኖሜትር ላይ 2 ሞለኪውሎች ቆመዋል ብለን፣ የሞለኪውሉንም ክብደት 500 ግራም በሞል ብንወስድ፣ በ1 ካሬ ሴንቲሜትር ልሙጥ ገጽ ላይ የሚኖረው ጠቅላላ መድኃኒት 0.17 ማይክሮግራም ያህል ብቻ ነው። ሸካራነቱ ስፋቱን ቢያበዛውም የስሌቱ ትርጉም አይለወጥም፤ አንድ ንብርብ ያለው የሞለኪውል ሽፋን የመድኃኒት ጎተራ ሊሆን አይችልም። ከገጹ ተለቆ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጠብቃል ተብሎ የቀረበ ባለ አንድ ንብርብ ሽፋን ቢኖር በዚህ ስሌት ብቻ ሊጠረጠር ይገባዋል። እንዲህ ያለው ሽፋን የሚሠራው ባክቴሪያው በነካው ቦታ ላይ ነው።

በንጽጽር፣ 50 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የማዕድን ልባጥ በ1 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ወደ 16 ሚሊግራም ይመዝናል። ከዚህ 1 በመቶው ብር ቢሆን 160 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ይህም ከላይ ካሰላነው ሺህ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ዝግ ብሎ የሚለቅ ክምችት የሚፈልግ ሰው መድኃኒቱን በማዕድኑ ውስጥ ማሳደር አለበት። እዚህ ላይ የአሠራሩ ዘዴ ምርጫውን ይወስናል፤ በፕላዝማ (እጅግ በጋለ ጋዝ) የሚረጭ ልባጥ በከፍተኛ ሙቀት የሚሠራ ስለሆነ ብርን እንጂ ፔፕታይድንም ሆነ አንቲባዮቲክን ከዱቄቱ ጋር መቀላቀል አይቻልም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኮኩቦ እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቁትን የመሰለ፣ የደምን አዮኖች ይዞ በሰውነት ሙቀት ማዕድን የሚያስቀምጥ ፈሳሽ ሲሆን ግን ሞለኪውሉ ከማዕድኑ ጋር አብሮ ሊረጋ ይችላል።

ገዳዮቹ ሲነጻጸሩ

አንቲባዮቲኮች በሐኪሞች ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ መጠናቸው፣ ጉዳታቸውና የሚገድሉት ዘር ሁሉ ተለይቷል። ጄንታማይሲን የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል፤ ጄንታማይሲንን በፖሊላክታይድ (በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ በሚፈርስ ፕላስቲክ) ውስጥ የያዘ ሽፋን ያለው የቅልጥም አጥንት ሚስማርም በአውሮፓ በሕክምና ላይ ውሏል። ድክመታቸው በማለቂያቸው ላይ ይታያል። ሊያልቅ የደረሰ ሽፋን ባክቴሪያን ከሚገድለው መጠን በታች እያንጠባጠበ ለሳምንታት ሲቆይ፣ መድኃኒቱን የተላመዱ ዘሮችን መርጦ እንደማሳደግ ይሆናል። ስለዚህ በአንቲባዮቲክ ሽፋን ላይ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ስንት ይለቃል ሳይሆን መጨረሻው እንዴት ነው የሚለው ነው፤ ፈጥኖና ሙሉ በሙሉ የሚያልቀው፣ ጅራቱ ረጅም ከሆነው ይመረጣል።

ክሎርሄክሲዲን በአፍ ማጠቢያነት ሲያገለግል ከጥርስ ጋር ተጣብቆ ለሰዓታት መሥራቱ ወደዚህ ማዕድን እንዲመጣ አድርጎታል። ርካሽና የማይቸግር ሞለኪውል ነው። ሆኖም ባክቴሪያን ለመግደል በሚበቃ መጠን አጥንት ገንቢ ሕዋሳትንም የሚጎዳ በመሆኑ፣ በጥቂት ሰዎችም ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ የሚያስነሣ በመሆኑ፣ ከቆዳው ወጣ ብለው ለሚቀመጡ የአጥንት መያዣ ሽቦዎች እንጂ ከውስጥ ዕድሜ ልክ ለሚቀር ዳሌ አልመርጠውም።

ኳተርነሪ አሞኒየም የተባሉት ሞለኪውሎች ቋሚ አዎንታዊ ሙልና ረጅም የካርቦን ጭራ አላቸው፤ የባክቴሪያውን ክርታስ (ሕዋሱን የከበበውን ስስ ሽፋን) በመንካት ያፈርሳሉ። ምንም ሳይለቁ ይገድላሉ መባሉ የሚማርክ ነው፤ በንጹሕ ውሃ ውስጥም እውነት ነው። በደም ውስጥ ግን ይህ አዎንታዊ ገጽ በደቂቃዎች ጊዜ ፕሮቲን ይለብሳል፤ የሞቱት ባክቴሪያዎችም በላዩ ይከመሩና ለሚመጡት ምንጣፍ ይሆናሉ። ሽፋኑ በቦታው እያለ ሥራው ሊቆም ይችላል ማለት ነው።

ባክቴሪያ ገዳይ ፔፕታይዶች በተመሳሳይ መንገድ ክርታስን ቢያፈርሱም፣ ከኳተርነሪ አሞኒየም ይልቅ በባክቴሪያና በሰው ሕዋስ መካከል የተሻለ ልዩነት ያደርጋሉ። ሰውነታችን የሚሠራው ኤልኤል-37፣ ስሙ እንደሚያመለክተው 37 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ባክቴሪያን ከመግደሉም በላይ የመከላከያ ሕዋሳትን ያነቃቃል። ባክቴሪያ እነዚህን የሚላመድበት ፍጥነት ከብዙ አንቲባዮቲኮች ጋር ሲተያይ ዝግ ያለ ነው። ዋጋቸው ውድ ነው፤ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ይበጣጥሷቸዋል፤ በደም ውስጥ ያለው የጨው መጠንም የአንዳንዶቹን ኃይል ያዳክማል። ቢሆንም መያዣውንና ገዳዩን በአንድ ሰንሰለት ላይ ለመጻፍ የሚያስችል ሌላ ምድብ የለም፤ እኔም ለምርምር አቅጣጫ ምረጥ ብባል የምይዘው ይህን ነው።

ብር በትክክለኛው አነጋገር የሞለኪውል ሽፋን አይደለም፤ ነገር ግን ከንጽጽሩ ሊቀር አይችልም። በካንሰር ምክንያት ትልቅ የአጥንት ክፍል ለተተካላቸው ሰዎች ብር የተለበጡ ኢምፕላንቶች አገልግሎት ላይ ናቸው፤ በጃፓንም ብር የያዘ ሃይድሮክሲአፓታይት የለበሱ የዳሌ ኢምፕላንቶች በሕክምና ላይ ውለዋል። ሰፊ የባክቴሪያ ዘር ይገድላል፣ ሙቀትንም ይችላል። በአንጻሩ ባክቴሪያን በሚገድለውና አጥንት ገንቢ ሕዋስን በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ በሰውነት ሲጠራቀምም ቆዳን ወደ ሰማያዊ ግራጫ የሚለውጥ ሁኔታ ሊያስከትል ይችላል።

የሚቀሩት ባክቴሪያን ሳይገድሉ እንዳይጣበቅ የሚከለክሉት፣ እንደ ፖሊኤቲሊን ግላይኮልና አዎንታዊና አሉታዊ ሙልን አጣምረው እንደያዙ ሞለኪውሎች ያሉት ናቸው። ለሽንት ቱቦና ለደም ሥር ቱቦ ተስማሚ ናቸው፤ ለአጥንት ግን ብቻቸውን አይሆኑም፤ ባክቴሪያን ያራቀው ገጽ አጥንት ገንቢ ሕዋሳትንም ያርቃልና። ማዕድኑ የተለበጠበትን ዓላማ በሌላ እጅ ከማፍረስ ለመዳን አርጂዲ የተባለውን፣ የሰው ሕዋሳት የሚያውቁትን የሦስት አሚኖ አሲዶች ምልክት በመካከላቸው መትከል ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹን ስናነብ

አይኤስኦ (ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) 22196 ብሎ ያወጣው መለኪያ በጥናቶች ውስጥ በብዛት ይጠቀሳል። በዚህ ሙከራ ባክቴሪያዎቹ 500 ጊዜ በቀጠነ ምግብ ውስጥ ሆነው፣ በስስ ፕላስቲክ ተከድነው፣ በ35 ዲግሪ ሴልሲየስ ለ24 ሰዓት ከገጹ ጋር እንዲነካኩ ይደረጋል። ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል፤ ፈሳሹም አይንቀሳቀስም። በመንካት ለሚገድል ሽፋን ከዚህ የሚመች ሁኔታ ስለማይገኝ ውጤቱ ያማረ መሆኑ ብዙ አያስደንቅም። የማምነው ሽፋኑ አስቀድሞ በደም ውኃ ውስጥ ቆይቶ፣ ከዚያም ባክቴሪያና አጥንት ገንቢ ሕዋስ በአንድ ላይ ተጨምረውበት ማን እንደሰፈረ የታየበትን ሙከራ ነው፤ ጥያቄያችን የሽቅድምድሙ አሸናፊ ማን ነው የሚል እስከሆነ ድረስ ሁለቱን ተወዳዳሪዎች በየተለያየ ሳህን ላይ መፈተን መልሱን አይሰጥም። ለሕዋስ ጉዳት በአይኤስኦ 10993-5 መሠረት ከሕዋሳቱ ሕያውነት ከ30 በመቶ በላይ መቀነስ የጎጂነት ምልክት ነው። ልባጡ ከብረቱ ጋር ያለው ጥንካሬም በአይኤስኦ 13779-2 ከ15 ሜጋፓስካል ማነስ የለበትም፤ ይህም የሞለኪውሉ ሽፋን ከተጨመረ በኋላ እንደገና መለካት አለበት፤ በአሲዳማ ፈሳሽ የተነከረ ማዕድን ሊሟሟና ሊሳሳ ይችላልና።

ለማን የትኛው?

ጤናማና ለመጀመሪያ ጊዜ ዳሌው ለሚተካለት ሰው አደጋው ትንሽ ስለሆነ፣ ሽፋኑም የሚያመጣው ጉዳት ከዚያ ያነሰ መሆን አለበት። ለዚህ ሰው የምመርጠው በቀናት ውስጥ ተጠናቅቆ የሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ ንጹሕ ማዕድን ለአጥንት የሚተው ሽፋን ነው። ቀዶ ሕክምናው ላይ የገባውን ጥቂት ባክቴሪያ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማጥፋት ይበቃዋል።

የስኳር ሕመም ላለበት፣ ክፍት ስብራት ለደረሰበት ወይም ቀድሞ የተከለው ኢምፕላንት ተበክሎ ለወጣለት ሰው ግን የሳምንታት ጥበቃ ያስፈልጋል፤ በማዕድኑ ውስጥ ያደረ ክምችትና በላዩ ላይ በቢስፎስፎኔት ወይም በአሲዳማ ሰንሰለት የተያዘ ፔፕታይድ በአንድነት ቢታሰቡለት ተገቢ ነው። ዕጢ ወጥቶለት ትልቅ ኢምፕላንት ለገባለት ሰው የብር ጉዳት ከጥቅሙ ጋር ሲመዘን ሚዛኑ ወደ ብር ያደላል። በአጥንቱ ውስጥ አሁን የሚያመግል ኢንፌክሽን ላለበት ታካሚ ግን ከእነዚህ ሽፋኖች አንዱም መፍትሔ አይደለም፤ የሞተው ሥጋና አጥንት ተጠርጎ መውጣትና አንቲባዮቲክ በብዛት መሰጠት አለበት። ከወራትና ከዓመታት በኋላ በደም ተጉዞ የሚመጣን ባክቴሪያም፣ ገጹ በአጥንት ከተሸፈነ በኋላ፣ የሞለኪውል ሽፋን ይመክታል ብሎ ቃል መግባት አይቻልም።

ምርጫው ከተለየ በኋላ ሳይታሰብ የሚጥለው ማምከን፣ ማለትም ምርቱን ከጀርም የማጽዳት ሥራ፣ ነው። የጋማ ጨረር በተለመደው 25 ኪሎግሬይ መጠን ፔፕታይዶችንና አንዳንድ አንቲባዮቲኮችን ይሰባብራል፤ ኤቲሊን ኦክሳይድ ከአሚን ቡድኖች ጋር ስለሚዋሐድ ለመግደል የሚያስፈልገውን ሙል ሊለውጥ ይችላል፤ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ የሚሰጥ እንፋሎት ደግሞ ብርን አይጎዳም እንጂ በቀላሉ የተለጠፉ ሞለኪውሎችን ያነሣል። ስለሆነም አንድን ሽፋን ለመቀበል ወይም ለመጣል የሚቀርቡት የመግደል፣ የመያዝና የሕዋስ ጉዳት ቁጥሮች ሁሉ፣ ምርቱ በመጨረሻ በሚሸጥበት ዘዴ ከመከነና በማሸጊያው ውስጥ የተባለለትን የመደርደሪያ ዕድሜ ከቆየ በኋላ የተለኩ መሆናቸውን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።